ራስህን ወደ ደቡብ ሳናዞር

ሜይ 17። እማዬ የአንተን ምሳ ይዛ ስትወጣ ከቤቱ መሰላል ወድቃ ቀኝ እጇ ተሰበረ።

ውድ አባዬ፣

ይህን ከእኔ በፊት ታውቀዋለህ። የወደቀችው ከራስጌህ ግድግዳ ማዶ ነው፤ ሳህኑ ሲሰበርም ሰምተህ ይሆናል። እኔ የሰማሁት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። እዚህ በሰው አገር፣ በፓልም እርሻው፣ ስልክ የሚሠራው ከውሃ ታንከሩ ጉብታ ላይ ብቻ ነው፤ እኔም እዚያ የምወጣው እሁድ፣ ከጸሎት መልስ ነው።

ዛሬ ሰኞ ነው፣ ሜይ 27። የምጽፍልህ ከእርሻው ቢሮ፣ ከሥራ አስኪያጁ በር ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። የመጣሁት ውሌን ለሌላ ሁለት ዓመት ላድስ ነው። ማህተሙ በሥራ አስኪያጁ እጅ ነው፤ እሱ ደግሞ በእርሻው ሦስተኛ ክፍል ጎርፍ የወሰደው ድልድይ አለ ተብሎ ሊያይ ሄዷል። ጸሐፊዋ ኑርሊያ ሦስት ገጽ ቅጽ ሰጥታኝ፣ ቁጭ በይ ቲቸር፣ ምሳ ሳይደርስ ይመጣል ብላኛለች። የመጀመሪያውን ገጽ ፈርሜያለሁ። ሁለት ይቀራሉ። ወረቀቱ የተማሪዎች የማባዛት መልመጃ ነው፤ ጀርባው ባዶ ስለሆነ እሱ ላይ እጽፋለሁ። ቀለሙ ወደዚህ ገጽ ካሳለፈና ሰባት ጊዜ ስምንት ሃምሳ አራት የሚል ካየህ የእኔ ስህተት አይደለም።

እንደ ወትሮው ታንዲ ያነብልሃል። ታንዲ፣ ወንድሜ፣ ቀስ ብለህ አንብብለት፤ ሞተር ሳይክል እንደምትፈታ አትቸኩል። ከታች በቀይ ያሰመርኩበት ቦታ አለ። እዚያ ስትደርስ ለራስህ አንብበውና እለፈው።

አባዬ፣ አንተ ከታመምክ ሦስት ዓመት ከሦስት ወር ሆነህ። ከአያቴ ጋር እኩል ለመሆን ዘጠኝ ወር ይቀርሃል።

በደህናው ጊዜ ከደወልኩልህ የመጀመሪያ ጥያቄህ ሁልጊዜ አንድ ነበር። ስንት ቀሩ? ትለኛለህ። እንዴት ነሽ፣ በላሽ፣ አገሩ ተስማማሽ አትልም። ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው ስም ጠርቶ የቀሩትን ሳይቆጥር ቀኑ አይጀምርለትም። ሐሙስ ዘጠኝ፣ ዓርብ አሥራ አንድ እያልኩ እነግርህ ነበር። ፍሬ በሚበዛበት ወር ልጆቹ ከወላጆቻቸው ጋር ከዛፉ ሥር የተበተነውን የፓልም ፍሬ ይለቅማሉ፤ ያኔ ከአርባ አንዱ ሃያ አይመጡም። የሚመጡትም በፍሬ መኪና ላይ ተጭነው ነው፤ መዳፋቸው ጥቁር ነው፤ ደብተሩም ይጠቁራል። ክፍላችን የማዳበሪያ መጋዘን የነበረ ነው። ዝናብ ሲጥል ሽታው ከሲሚንቶው ይወጣል፤ አሁን እኔ አይሸተኝም፤ ልጆቹ ግን አፍንጫቸውን ይዘው እርስ በርስ፣ አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ ይባባላሉ።

ከዚያ አንድ እሁድ ደውዬ ታንዲ አነሳ። ከዚያ በፊት ለአምስት ወር ያህል ስትስል ቆይተሃል፤ አንድም ሰው አልነገረኝም። በደወልኩ ቁጥር አባባ ደህና ነው፣ አባባ ማሳ ወርዷል፣ አባባ ዓሣ ሊገዛ ሄዷል እባላለሁ። የዚያን እሁድ ታንዲ፣ እትዬ፣ አባባ ታሟል አለኝ። ወዲያው ገባኝ። በእኛ ቤት እውነት ስትታመም ደህና ነው ይሉኛል፤ ታሟል ሲሉኝ ምን እንደሆንክ አወቅኩ። የት ተኝቷል? አልኩት። በደቡብ በኩል ባለው ክፍል አለኝ። ራሱ በየት በኩል ነው? ወደ ምዕራብ። ነርሷ ገላው እንዳይለወጥ መርፌ ወጋችው? አዎ፣ ጠዋት መጥታ ወግታዋለች፣ ፊቱ ምንም አልሆነም።  በጉብታው ላይ ሌሎች ሦስት ሰዎች ቆመው በየስልካቸው ይጮሁ ነበር።

ቅር አይበልህና ይህን ለሌላ ደሴት ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። በቀደም ዋህዩ የሚባል አስተማሪ፣ ገና ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ አባቴን ምን እንዳመማቸው ጠየቀኝ። የጃቫ ሰው ነው፤ እነሱ ሰው ባረፈበት ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ይቀብራሉ። ነገርኩት። ልብስህን እማዬ እንደምትቀይርልህ፣ ምሳ እንደሚቀርብልህ፣ የቅርንፉድ ሲጋራህን ለኩሳ ከጎንህ እንደምታስቀምጥልህ፣ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ጎሹ ታርዶ ራስህን ወደ ደቡብ እስክናዞር ድረስ የታመመ ሰው እንደሆንክ ነገርኩት። በጥሞና ሰምቶኝ ሲያበቃ፣

"እትዬ፣ ታዲያ ሞተዋል በይኛ" አለኝ።

"ገና ነው" አልኩት።

ይቅርታ አድርግለት። ቃሉ የእሱ ነው።

አሁን የዋህዩን ነገር ካነሳሁ ልጨርሰው። ታንዲ፣ ይህን ጮክ ብለህ አንብበው፤ አንተም ስማው። በፌብሩዋሪ ስትደውልልኝ ዘመዶች ቀኑን ለጁላይ ሁለተኛ ሳምንት እንደቆረጡት፣ ጎሹም ከቤቱ ጀርባ እንደታሰረ ነግረኸኝ፣ ሁሉም አለ፣ የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ አልከኝ። እኔም ተተኪ አልተገኘም፣ ልጆቹን ሜዳ ላይ በትኜ አልመጣም አልኩህ። ውሸቴን ነው። ዋህዩ የመጣው በጃንዋሪ ነው። የተላከውም እኔን ሊተካ ነው። ጊታር ይጫወታል፤ ማባዛትን በዘፈን ያስተምራል፤ እሱ ከመጣ ወዲህ የሚቀሩት ልጆች ከአሥር ወደ አራት ወርደዋል። በቀደም አንዷ ልጅ፣ ቲቸር፣ እርስዎ በሚያስተምሩበት ቀን እናቴን ብረዳ ቅር ይልዎታል? ብላ ጠየቀችኝ። በትሕትና ነው የጠየቀችው። ሳቅኩ፤ ግን ከሰዓት በኋላ ጠመኔ ይዤ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ምን ልጽፍ እንደነበር ጠፋኝ።

ሌላም አለ አባዬ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ የመጀመሪያው ውል ሲያበቃ፣ የአንድ ወር ፈቃድ ነበረኝ። ለእናንተ ፈቃዱ ተሰርዟል ብዬ ደወልኩ። አልተሰረዘም። ወሩን በሙሉ ታዋኡ ከተማ፣ የዓሣ መረብ ከሚሸጥበት ሱቅ በላይ፣ አንድ ክፍል ተከራይቼ ተቀመጥኩ። ከመስኮቱ ባሕሩን ተሻግሮ ያለው ደሴት ይታያል፤ ግማሹ የእኛ አገር ነው። ጠዋት ጠዋት የቆርቆሮ ጣሪያዎቹ ያበራሉ። ጀልባው ሰው ጭኖ ሲሄድና ሲመለስ አያለሁ። በቀን አንድ ጊዜ ሩዝና ዓሣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ መስኮቱ ጋ እቀመጣለሁ። የማወራው ሰው የሱቁ ባለቤት ብቻ ነበር፤ እሷም ከሳምንት በኋላ፣ አንቺ ሴትዮ፣ ባልሽን ነው የሸሸሽው? አለችኝ። አባቴን ነው ብላት ምን ይገባታል። አዎ ባሌን ነው አልኳት። ከዚያ በኋላ ሾርባ እየሠራች ታመጣልኝ ጀመር። እግዜር ይስጣት፣ ለሌለ ባል ብላ አበላችኝ።

የሸሸሁት ለምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። እኔ ካልመጣሁ ራስህን ማዞር አይችሉም። የመጀመሪያ ልጅ ሳትቆም አይሆንም። እኔ እዚህ እስካለሁ ድረስ አንተ ታመሃል እንጂ ሌላ ነገር አልሆንክም። እሁድ እሁድ ስደውል እማዬ መሰላሉን ወጥታ ስልኩን ትራስህ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ አሁን አውሪ፣ ዛሬ ፊቱ ደህና ነው ትለኛለች። አወራሃለሁ። ስንት ቀሩ ብለህ ባትጠይቅም ስንት እንደቀሩ እነግርሃለሁ። ስጨርስ፣ ሰምቶሻል፣ ሲጋራውንም ጨርሷል ትለኛለች። ሲጋራውን ማን እንደሚጨርሰው ታንዲም ያውቃል እኔም አውቃለሁ፤ እኛ ቤት ከአባባ መታመም ወዲህ የእማዬ ሳል ጨምሯል ብሎ ስቆብኛል።

ውልን ማደስ ቀላል ነው አባዬ። ሦስት ገጽ ነው።

አንተም አድርገኸዋል። ይህን አንስተንብህ አናውቅም። ከተራራው ማዶ ስታስተምር አያቴ ታመሙ፤ አንተ አራት ዓመት አልመጣህም። ተማሪዎቼ፣ ፈተና ነው፣ መንገዱ ተቆርጧል እያልክ ትልክ ነበር። እኔ ሲታመሙ አራት ዓመቴ፣ አንተ ስትመጣ ስምንት ዓመቴ ነበር። አያቴን የማውቃቸው ታመው ብቻ ነው። ዝምተኛ ሽማግሌ ይመስሉኝ ነበር። ምሳቸውን የማስገባው እኔ ነበርኩ፤ ሴቷ አያቴ፣ እናትህ፣ ጉልበቷ መሰላሉን እምቢ ብሏት ነበር። ሳህኑን ከጎናቸው አስቀምጬ እጠብቃለሁ። ከዚያ ሩዙን እኔ እበላዋለሁ። ባዶውን ሳህን ይዤ ስወርድ አያቴ፣ ዛሬስ በልተውልኛል እያለች ደስ ይላታል። ደስ ስለሚላት በላሁ፤ ስለሚጣፍጥም በላሁ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

አንተ የመጣህ ቀን ሳህኑን ከእጄ ወሰድክ። እኔ አስገባለታለሁ አልክ። ቀትር ነበር። በሩን ዘግተህ ቆየህ። ሰዎች ጎተራው ሥር ተቀምጠው ይጠብቁህ ነበር። ምን እንዳልካቸው አላውቅም። ስትወጣ ሳህኑ እንደሞላ ነበር፤ ሩዙ ቀዝቅዞ ጠንክሯል። አያቴ ሳህኑን አየችው፣ ከዚያ አንተን አየችህ። ከዚያ መሰላሉ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። አራት ዓመት ሙሉ ስታለቅስ አላየኋትም ነበር። እኔ የሞላ ሳህን አይታ ያለቀሰች መስሎኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ፣ ሄጄ ከጎሾቹ መሃል ተደበቅሁ። አንተ ለወንድሞችህ፣ አዙሯቸው አልካቸው። አንድ ቃል ብቻ።

አሁን የአንተን ሳህን ባዶ የምታወርደው የታንዲ ልጅ እንደሆነች ጠርጥሬያለሁ። እማዬ አባትሽ በልቷል ስትለኝ ሕፃኗ ስንት ዓመቷ ነው እላለሁ በልቤ። አምስት ነው። አትቆጧት።

(ታንዲ፣ ከዚህ እስከ ቀዩ መስመር መጨረሻ ለራስህ።)

ትናንት ደወልኩ። እማዬ ስልኩን አነሳችና ወደ አባባ አልወሰደችውም። የዶሮ ድምፅ ይሰማኛል። የት ነሽ? አልኳት። ጎተራው ሥር ነኝ አለች። በጀሶ እጅሽ መሰላል ወርደሽ? አዎ፣ አንዱን እጅ ሰበርኩት እንጂ ቂጤ ደህና ነው፣ ደረጃ ደረጃውን በቂጤ ወረድኩ አለችኝ። ሳቅኩ። እሷም ሳቀች። አባትሽ በግራ እጄ ሳጎርሰው ይቆጣኛል፣ ነውር ነው ይለኛል አለች። ለምን ወረድሽ ታዲያ? አልኳት። እሱ እንዳይሰማ ነው አለች። ከዚያ ስልኩ የተቆረጠ መስሎኝ ጉብታው ላይ ወዲያ ወዲህ ስል ቆየሁ።

"ዳማሪስ፣ ልጄ" አለች። "ባሌ ከሞተ ሦስት ዓመት አልፎታል። የታመመ ሰው ቤት አይለቀስም ብዬ አንድ ቀን አላለቀስኩም። እኔ መቼ ነው የማለቅሰው?"

በእኛ ግቢ ያንን ቃል ሰው ሲለው ሰምቼ አላውቅም።  ተማሪዎቹ ልላት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። እሷም አልጠበቀችኝም፤ እጇ እየጠዘጠዛት እንደሆነ፣ አሁን ወደ ላይ ለመውጣት የታንዲን ሚስት መጥራት እንዳለባት ነግራኝ ስልኩን ዘጋች።

(እዚህ ያበቃል።)

ዛሬ ጠዋት ተነስቼ ለብሼ፣ ፓስፖርቴን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው ወደዚህ ቢሮ መጣሁ። ይህን ነው ልነግርህ የፈለግኩት። ያንን ከሰማሁ በኋላ መጣሁ። በፍሬ መኪናው ጋቢና ተቀምጬ ለእማዬ የምላትን ሳዘጋጅ ነበር። አንድ ዙር ብቻ፣ ይሄኛው የመጨረሻው ነው፣ እጅሽ እስኪድን ታንዲ ያግዝሽ። ስደርስ ኑርሊያ ቅጹን ሰጠችኝ፤ ስሜን ጻፍኩ፤ የመጀመሪያውን ገጽ ፈረምኩ። 

ሁለተኛው ገጽ ላይ ጥያቄ አለ። ባለፈው ጊዜ ያልፈረምኩት ይመስል ዛሬ ገና አየሁት። በትውልድ ቦታዎ በእርስዎ መገኘት የሚጠበቅ የቤተሰብ ጉዳይ አለ? ይላል። አዎ እና የለም የሚል ሁለት ሳጥን አለው። ከሁለት ዓመት በፊት የለም የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ነበር፤ ኑርሊያ አሮጌውን ቅጽ ከፋይሉ አውጥታ አሳየችኝ፣ እንደዚህ አድርጊው ቲቸር፣ አዎ ካልሽ ደብዳቤ አምጪ ይሉሻል፣ ሥራ ታበዢብኛለሽ አለችኝ። የእኔ እጅ ነው። ምልክቱ ጥርት ያለ ነው፤ የተማሪ ደብተር ሳርም እንደማደርገው።

ቅጹን ወደ ጎን አድርጌ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከአያቴ ክፍል ሳህኑን እንደሞላ ይዘህ ስትወጣ፣ የቆየኸው እሳቸውን ለመሰናበት ነው ወይስ ሩዙ እስኪቀዘቅዝ ነው የጠበቅከው? ብዙ ዓመት ለመሰናበት ይመስለኝ ነበር። አሁን እዚህ አግዳሚ ላይ ሁለት ሰዓት ከተቀመጥኩ በኋላ ሌላ ይመስለኛል። ይበላሉ ብለህ የጠበቅክ ይመስለኛል።

ተማሪዎቹ ደህና ናቸው። ከሰዓት ዋህዩ ከእነሱ ጋር ነው። ዛሬ ስንት እንደቀሩ አላውቅም፤ ስም ሳልጠራ ነው የወጣሁት።

የሥራ አስኪያጁ መኪና ግቢ ገባ። ጭቃው እስከ መስኮቱ ደርሷል፤ ሰውየው ጫማውን በር ላይ እያወለቀ ነው። ኑርሊያ፣ ነይ ቲቸር፣ የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ፈርሚ፣ አሁን ከገባ ምሳ ሳይበላ አይወጣም እያለችኝ ነው። እሺ ብያታለሁ።

ታንዲ፣ ይህን አታነብለትም። በሰው አልልከውም። ጁን ሠላሳ ውሌ ያበቃል፤ በኑኑካን መርከብ ባሕሩን ተሻግሬ ይዤው እመጣለሁ። ምሳውን እኔ አስገባለታለሁ፣ በሩን ዘግቼም እኔው አነብለታለሁ። ቀዩ መስመር ጋ ስደርስ አልዘልም፤ እማዬንም ከክፍሉ አላስወጣትም።

ስክሪብቶው የኑርሊያ ነው። ካልጨረስኩት ቅጽ ጋር ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጥላትና በጓሮ በር እወጣለሁ። ወደ ጉብታው በሰኞ ወጥቼ አላውቅም፤ ስልኩ ይሠራ እንደሆነ አያለሁ።

ልጅህ ዳማሪስ